ካሜራውን ወደ ልጆቹ አዙሩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ የሙአለ ሕፃናትና የኦ ክፍል ተለማማጅ መምህራን ሲያስተምሩ በቪዲዮ ተቀርጸው ሥራቸውን መልሰው ስለማየታቸው። የጻፉልን ሠልጣኞች፣ አሠልጣኞችና አንድ ርዕሰ መምህር ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከመሸንቲ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በተግባር ልምምዳችን ላይ ራሳችንን ቀርጸን እንድናይና ሪፍሌክሽን (ስለ ራሳችን ሥራ ያስተዋልነውን) እንድንጽፍ ታዘናል። ቀርጬ አየሁት። ድምፄ ይቀፋል፣ እጄ አያርፍም፣ "እሺ" ማለት አበዛለሁ። ይህንኑ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። መምህሬ ግን "ልጆቹ የት አሉ?" የሚል ብቻ ጽፈውበት መለሱልኝ። ምን ማለታቸው ነው?
(ሠልጣኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርዎ እውነታቸውን ነው። እርስዎም ግን የተለየ ነገር አልደረሰብዎትም። ፍራንሲስ ፉለርና ብራድ ማኒንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በጊዜው የነበሩትን ጥናቶች ገምግመው ነበር። ራሱን በቪዲዮ የሚያይ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመልኩ፣ በድምፁና በአኳኋኑ ላይ ነው። ምን እንደሚፈልግ የሚመራው ካላገኘ ደግሞ ከመማሩ ይልቅ መሸማቀቁ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ለመሸማቀቁ አንድ ዙር ይመድቡለትና ይውጣልዎ። ለብቻዎ ሆነው፣ እስክሪብቶ ሳይዙ፣ ከዳር እስከ ዳር ይዩት።

በሁለተኛው ዙር ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱ። ድምፅ ሲጠፋ ማን ወደ ማን እንደዞረ፣ ማን እንደተነሣ፣ ለየትኞቹ ልጆች ጀርባዎን ሰጥተው እንደቆዩ ይታያል። ተለማማጅ መምህር ብዙ ጊዜ ከክፍሉ በአንድ ወገን ላሉት ብቻ ሲያስተምር ይውላል፤ ይህም የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ዙር አንድ ልጅ ይምረጡ። ጎበዙን ወይም ረባሹን አይደለም፤ ስሙ ቶሎ የማይመጣልዎትን ይሁን። እርስዎ የቆሙበትን የስክሪኑን ክፍል በወረቀት ይሸፍኑና ያንን ልጅ ብቻ ለሦስት ደቂቃ ይከተሉት። ሪፍሌክሽኑ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

ለአጻጻፉም አንድ ደንብ እንጨምር፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፍርድ አይግባ። "ሰነፍ"፣ "ንቁ"፣ "ፈዛዛ"፣ "ደስ የሚል ክፍለ ጊዜ ነበር" የሚሉትን ሁሉ ወደ ሁለተኛው ገጽ ያሳድሯቸው። "ከቪዲዮው 2፡10 እስከ 2፡50 ደቂቃ እርሳሱን ሲያንከባልል ቆየ፤ ስሙ ሲጠራ ቀና አለ፤ ጥያቄው ወደ ጎረቤቱ ሲዞር መልሶ አቀረቀረ" የሚለውን ግን ቪዲዮውን የከፈተ ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል። "እሺ" ማብዛትዎን ለጊዜው ይርሱት፤ ልጆቹ አልተቸገሩበትም።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍል 50 ልጆች አሉን፤ ያለን ደግሞ አንድ ስልክ ነው። ከሰሌዳው ጎን አቁመን ስንቀርጽ የሚታየው ጥቁር ጥላ፣ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ልጆቹም ካሜራ ሲያዩ ቀልድ ይጀምራሉ። የተሻለ ካሜራ እንግዛ?
(አሠልጣኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካሜራ አይግዙ፤ ቦታ ይቀይሩ።

ጥላው የሚመጣው ስልኩ ወደ መስኮት ስለሚያይ ነው። በባሕር ዳር ፀሐይ ረፋዱ ላይ በመስኮትና በበር የሚገባው ብርሃን ከክፍሉ ውስጥ ብርሃን እጅግ ይበልጣል። ስልኩ የብርሃኑን መጠን በመስኮቱ ላይ ለክቶ የልጆቹን ፊት ያጠቁረዋል። መስኮቱ ከስልኩ ጀርባ ወይም ጎን ይሁን፤ በሩም በፍሬሙ ውስጥ አይግባ።

50 ልጅ በአንድ ስልክ ለመቅረጽ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አምስት ወይም ስድስት ልጆች የከበቡትን አንድ ጠረጴዛ ወይም አንድ የመማሪያ ማዕዘን ይምረጡ። ስልኩን አግድም አድርገው ከቡድኑ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ በተቀመጠ ሕፃን ዐይን ከፍታ ያቁሙት። ልጆቹ በአጭር ወንበር ላይ ከሆኑ ከወለሉ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ምንጣፍ ላይ ከሆኑ 50 ያህል ይበቃል። ከአዋቂ ቁመት ቁልቁል የተቀረጸ ቪዲዮ የሚያሳየው ፀጉርና ማጅራት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ፊትና እጅ ነው። ማቆሚያ ከሌለ ወንበር ላይ መጻሕፍት ደርድረው ስልኩን አሸዋ በተሞላ ካልሲ ደግፈው ማቆም ይቻላል። ሰው በእጁ ይዞ አይቅረጽ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደስ ወዳለው ልጅ ይዞራል፣ ልጆቹም ማየት የሚጀምሩት ሰውየውን ነው።

ከምስሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። የስልክ ማይክራፎን ከሁለት ሜትር አልፎ፣ ያውም በ50 ልጅ ጫጫታ መሀል፣ የአንድ ሕፃን ንግግር ለይቶ መያዝ ይከብደዋል። ስክሪኑ የተሰነጠቀም ቢሆን ሁለተኛ ስልክ ከተገኘ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው በጠረጴዛው መሀል በታጠፈ ፎጣ ላይ ያስቀምጡት። ፎጣው ከሌለ ልጆቹ ጠረጴዛውን በነኩ ቁጥር የሚቀዳው ድው ድው የሚል ድምፅ ነው። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ስልኩ ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ኋላ ድምፁንና ምስሉን የሚያገጣጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ክፍል በሰኔና በመስከረም ዝናብ ከጣለ የዚያን ቀን ቅጂ ይሰርዙት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው።

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የተበላሹ ቪዲዮዎች ግማሾቹ ችግራቸው የጣት ቅባት ነው ብንል አላጋነንም። ስልክ ተደውሎ ቅጂው እንዳይቋረጥ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። የምስል ጥራቱን ወደ 720 ዝቅ ያድርጉት፤ 1080 በደቂቃ ከ100 እስከ 130 ሜጋባይት ሲወስድ 720 እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 90 ይወስዳል። ከ15 ደቂቃ በላይ መቅረጽ አያስፈልግም። ከዚያም ውስጥ የምትሠሩበት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።

የልጆቹ ቀልድ በቀላሉ ያልፋል። ስልኩን ሳይቀርጹ ለሁለት ለሦስት ቀን በዚያው ቦታ ያቁሙት። በመጀመሪያው ቀን በየተራ መጥተው ራሳቸውን በስክሪኑ ይዩ፣ ይሣቁ፣ ይጠግቡ። የከለከሉት ልጅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከስልኩ ፊት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሠልጣኞቼ ቪዲዮውን አይተው "ጥሩ ነበር፣ ልጆቹ ተሳትፈዋል" ብለው ያበቃሉ። ከሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ በትክክል ምን እንዲፈልጉ ልንገራቸው?
(የቅድመ መደበኛ አሠልጣኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቅጂ አለ እንበል። በሳይንስ ማዕዘን አንድ ሳፋ ውኃ ተቀምጧል። አጠገቡ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ የጀሪካን ክዳንና ቁራጭ ደንገል አለ። ስድስት ልጆች ከበውታል። ተለማማጇ ጠጠሩን ከፍ አድርጋ "ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?" ትላለች። "ይሰምጣል!" "ጎበዞች! ይኼስ?" "ይንሳፈፋል!" "ይኼስ?" ሁለት ደቂቃ ተኩል በዚሁ ያልፋል። ሁሉም መለሱ፣ መልሱም ትክክል ነው፤ "ተሳትፈዋል" የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ቅጂውን መልሰው ከሳፋው ጥግ ያለችውን ልጅ ብቻ ይከተሉ። ደንገሉን ውኃው ላይ አስቀምጣ ቆርኪ ጫነችበት፤ ተንሳፈፈ። ሁለተኛ ጨመረች። ሦስተኛውን ዳር ላይ ስታደርገው ደንገሉ አዘነበለ፤ ቶሎ አንሥታ መሀሉ ላይ አደረገችው፣ ተስተካከለ። አራተኛውን ጫነች፤ ተገለበጠ። ቀና ብላ መምህሯን አየችና "ቲቸር..." አለች። በዚያችው ቅጽበት መምህሯ "ይኼስ?" ብላ የጀሪካኑን ክዳን አነሣች። ልጅቷ ቆርኪዎቿን ከውኃው ለቅማ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ጣና ላይ ታንኳ የሚጭን ሁሉ የሚያውቀውን ነገር፣ ጭነት መሀል ሲሆንና ዳር ሲሆን የሚያመጣውን ልዩነት፣ ልጅቷ በአራት ቆርኪ እየደረሰችበት ነበር። የትምህርት ዕቅዱ ላይ ከተጻፈው "የሚሰምጡና የሚንሳፈፉ ነገሮችን ይለያሉ" ከሚለው ዓላማ አልፋ ሄዳለች። መምህሯ አላየቻትም። በዚያ ጫጫታ መሀል እኛም ብንሆን አናያትም ነበር፤ ቪዲዮ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለሠልጣኞችዎ እንግዲህ ሦስት የሚቆጠሩ ነገሮች ይስጧቸው።

አንደኛው ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተሙት ሥራ እንዳሳየው፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል እንኳ ሳይቆዩ ነበር የሚቀጥሉት። ቆይታው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያድግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ "አላውቅም" የሚሉትና ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ ሳይጠየቁ የሚናገሩትም በዙ። ልብ ይበሉ፤ የሚለካው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከመምህሩ ጥያቄ በኋላ ያለው ነው፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ልጁ ከመለሰ በኋላ መምህሩ "ጎበዝ!" እስኪል ድረስ ያለው ነው። ለመለካት ቪዲዮውን በግማሽ ፍጥነት ያጫውቱ፣ ሰከንዱን ቆጥረው ለሁለት ያካፍሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ወረቀቱ ላይ አሥር ቁጥር ይኖራል።

እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ። ይህን የተማረ ሠልጣኝ በሚቀጥለው ቀን "ይኼ ምን ቀለም ነው?" ብሎ ሦስት ሰከንድ ግትር ብሎ ይቆማል። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። አንድ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ መጠበቅ ትርጉም የለውም፤ የሚጠበቀው "ለምን ተገለበጠ?"፣ "እንዳይገለበጥ ምን እናድርግ?" ለሚሉት ነው። ስለዚህ ከመለካታቸው በፊት ጥያቄዎቹን በሁለት ረድፍ ይለዩአቸው።

ሁለተኛው የኅብረት መልስ ነው። አፎቹን ለማየት በዝግታ ያጫውቱት። አንድ ወይም ሁለት ልጅ ቀድሞ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ከእርሱ አፍ ላይ ለቅመው ይከተላሉ፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስም አይጠፋም። በኅብረት መመለስ ክፉ ነው እያልን አይደለም፤ ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል ዓይን አፋሩንም ያናግረዋል። ሆኖም ማን እንደገባው አይነግርም። ሠልጣኙ የቀደመውን ልጅ ስም ይጻፍ፤ በሦስት ቅጂ ላይ ያው አንድ ስም ከተደጋገመ ያስተማረው እርሱን ነው።

ሦስተኛው "የተጀመረና ያልተመለሰ" ነው። ልጁ ጠቁሞ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ "ቲቸር" ብሎ፣ ዕቃ ዘርግቶ የጀመረው ስንት ጊዜ ነው? መምህሩ በቃል ወይም በዐይን የመለሰለትስ ስንቱን ነው? ከአዋቂ ፊት ዝም እንዲል ያደገ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአፉ አይደለም፤ በእጁና በዐይኑ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ የክፍል ምልከታ ቅጾች ላይ ንግግር ከፍተኛ ነጥብ አለው፤ ቅጾቹን እንዳሉ ወስዶ ያቀረቀረን ልጅ "አልተሳተፈም" ብሎ መሙላት ስሕተት ላይ ይጥላል። ከሳፋው ጥግ ያለችው ልጅ የተናገረችው ያችኑ አንዲት "ቲቸር" ነው።

ሁሉንም የሚይዘው ሦስት ዐምድ ያለው አንድ ገጽ ነው፤ ሰዓት፣ ልጁ ያደረገው፣ እኔ ያደረግሁት። የልጁ ዐምድ ከመምህሩ ይቅደም። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እንዲህ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ማዘዝ ሠልጣኙን ፈጠራ ያስጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ሠልጣኞች በትምህርት ቤታችን ይቀርጻሉ። ወላጆችን ማስፈቀድ ግዴታ ነው? ጥሩ ጥሩዎቹን በትምህርት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ብናወጣስ?
(ርዕሰ መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፌስቡኩ ይቅር፤ ለቴሌግራም ቡድንም እንዲሁ። ልጁ የተቀረጸው መምህሩ እንዲማርበት ነው፤ ወላጅም የፈቀደው ለዚያ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናትን ጥቅም ማስቀደምን ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስለዚህ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ለምን እንደሚቀረጽ፣ እነማን እንደሚያዩት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ወላጁ ሐሳቡን ቢለውጥ ለማን እንደሚናገር ይግለጽ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ምስክር ባለበት ተነቦለት ይፈርም። ልጁን ሊያደርስ ወይም ሊወስድ በር ላይ ቸኩሎ የቆመን ወላጅ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ማለት ፈቃድ አይባልም፤ የወላጆች ስብሰባ ላይ ያድርጉት።

ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ ከጨዋታው አይወጣም። ካሜራው ወደማያይበት ጠረጴዛ ይዛወርና ሥራውን እንደ ሌሎቹ ይሥራ። ፈቃድ ያለው ልጅም ቢሆን ካለቀሰ፣ ከተመታ ወይም ልብሱን ካራሰ ቅጂው ወዲያው ይቁም፤ ያ ክፍል ይጥፋ።

ብዙዎች የሚስቱት ስልኩ ላይ ነው። ጎግል ፎቶስ የተቀረጸውን ሁሉ በራሱ ወደ ኢንተርኔት ሊሰቅል ስለሚችል ሠልጣኙ ከመቅረጹ በፊት ባክአፑን ያጥፋ። በዚያው ቀን ቪዲዮውን በኬብል ወደ ኮሌጁ ኮምፒውተር አዛውሮ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ከስልኩ ሲያጠፋውም የቆሻሻ ማኅደሩን ባዶ ማድረግ አይርሳ፤ የጠፋ የመሰለው ቪዲዮ እዚያ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁሉም ይጥፋ፤ ያጠፋውም ሰው ይፈርም።

ጥያቄ፦ ቪዲዮውን ነጥብ ልስጥበት?
(አሠልጣኝ፣ ከመሸንቲ)

መልስ፦ አይስጡበት። ነጥብ ያለበት ቪዲዮ ተለማምዶ የቀረበ ድራማ ይሆናል፤ ልጆቹም መልሱን አስቀድመው ያጠኑታል። ነጥብ የግድ ከሆነ ባለ ሦስት ዐምዱን ገጽ ያርሙ፤ የተበላሸ ትምህርት በትክክል ወደ ጽሑፍ የገለበጠ ሠልጣኝ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።

ጥያቄ፦ በቡድን ስናይ ወይ ሁሉም ያመሰግናል፣ ወይ አንዷን ያስለቅሷታል። እንዴት እንምራው?
(አሠልጣኝ፣ ከመሸንቲ)

መልስ፦ ከአራት እስከ ስድስት ሰው፣ 40 ደቂቃ፣ አንድ ቅጂ። ቅጂውን የሚመርጠው ባለቤቱ ይሁን። ከመከፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ያስቀምጥ፤ ለምሳሌ "ቆርኪ የምትጭነዋን ልጅ መቼ ማናገር ነበረብኝ?"። ሁለት ጊዜ ይታያል። በመጀመሪያው ዙር የሚፈቀደው ያዩትን መናገር ብቻ ነው፤ "እኔ ብሆን" የሚል ካለ አሠልጣኙ "በስንተኛው ደቂቃ አየኸው?" ብሎ ወደ ስክሪኑ ይመልሰው። ይህች አጭር ጥያቄ ምስጋናውንም ነቀፋውንም ታበርዳለች። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ መከላከል ይጀምራል። አሠልጣኙም ሐሳቡን ቶሎ አይግለጽ፤ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ የሚቃወም ሠልጣኝ አይገኝም።

ብዙ ኮሌጆች የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ማይክሮቲቺንግ እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር አሠራሩ አጭር ትምህርት ለጥቂት ተማሪዎች ማስተማር፣ ማየት፣ ከዚያም አንድ ነገር ለውጦ ለሌሎች ተማሪዎች እንደገና ማስተማር ነበር። እኛ ዘንድ ማየቱ ተይዞ እንደገና ማስተማሩ ቀርቷል። ተለማማጇ በሦስት ቀን ውስጥ ያንኑ ሳፋ፣ ያንኑ ደንገል ይዛ ለሌሎች ስድስት ልጆች ታስተምር። የምትለውጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ ዕቃዎቹን ራሷ ከማንሣት ይልቅ ልጆቹ እንዲይዙ ትተዋቸው። ሁለት ሦስት ነገር ከለወጠች ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተርም ፕሮጀክተርም የለውም፤ የእኔ ስልክ ደግሞ ሜሞሪው ሞልቷል። ምን ላድርግ?
(ሠልጣኝ፣ ከዘጌ)

መልስ፦ ፕሮጀክተሩ አያስጨንቅዎ፤ ለሦስት ሰው የስልክ ስክሪን ይበቃል፤ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ሲያስገቡት ድምፁም ይጎላል። ለቪዲዮ ቦታ ከሌለ ድምፅ ብቻ ይቅዱ፤ የአሥር ደቂቃ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያነሰ ቦታ ይወስዳል። ዝምታውንና የጥያቄውን ዓይነት ከድምፁ ብቻ መቁጠር ይቻላል። እጅና ዐይን ስለማይቀዱ ግን አብራዎት የተመደበች ባልደረባዎ ክፍሉ ጥግ ተቀምጣ ለአሥር ደቂቃ አንድ ልጅ ብቻ ትከተል፤ በየደቂቃው እጁ ምን ላይ እንደነበረ በአንድ መስመር ትጻፍ። ማታ ድምፁን እያዳመጣችሁ የእርሷን መስመሮች በየደቂቃው ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የትኛውን ልጅ እንደምትከተል አስቀድማ አትንገርዎት፤ ካወቁ ሳያስቡት ያንን ልጅ ብቻ ሲጠይቁ ይውላሉ።